በዲጂታል ኢኮኖሚ ማስተርስ ልማር ነው፤ ከድሬና ከሐረር የምታውቁ ምከሩኝ

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ድሬዳዋ ነው የምኖረው። በአካውንቲንግ ተመርቄ ባንክ ከገባሁ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ውሎዬ በአብዛኛው ነጋዴዎችን ለኪውአር ኮድ ክፍያ መመዝገብና የሞባይል ባንኪንግ ችግር መፍታት ሆኗል። ሥራውን እወደዋለሁ፤ ከጀርባው ያለውን ነገር በደንብ ማወቅ ስለፈለግኩ ማስተርስ አሰብኩ። ፕሮግራሞቹን ሳይ ግን ግራ ገባኝ። ሁሉም ዲጂታል ኢኮኖሚ ይላሉ፤ አንዱ ውስጥ ኮዲንግ ይበዛል፣ አንዱ ሒሳብ ብቻ ነው፣ ሌላው ማርኬቲንግ ይመስላል። የአካውንቲንግ ልጅ ይከብደዋል ወይ? ሥራዬን ሳልለቅ እዚሁ ልማር ወይስ ስኮላርሺፕ ልሞክር? እናቴ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፣ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ጥያት መሄድ ይከብደኛል። ስጨርስስ ምን ሥራ አገኛለሁ?

ሳቢያን፦
አቦ ስሙን ተወው፣ የኮርስ ዝርዝሩን አውጥተህ እይ። ትምህርቱ የኢኮኖሚክስ፣ የዳታ እና የሕግ ድብልቅ ነው፤ የትኛው እንደሚበዛ የሚለየው በዩኒቨርሲቲው ነው። በተለይ ፕላትፎርም የሚባለውን፣ ማለትም ሁለት ወገኖችን ስለሚያገናኝ መድረክ የሚያወራውን ክፍል በቁም ነገር የሚያስተምር መሆኑን አረጋግጥ። አንተ በየቀኑ የምትሠራው እሱን ነው። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ያለው ባለሱቅ ቴሌብር የሚቀበለው ደንበኛው ስላለው ነው፤ ደንበኛው ደግሞ ብሩን እዚያ የሚያስቀምጠው ባለሱቁ ስለሚቀበል ነው። አንዱ ወገን ከሌለ ሌላው አይመጣም። ታዲያ ድርጅቱ ክፍያውን ከማን ላይ ይቁረጥ? ለማንስ በነፃ ይስጥ? ሮሼ እና ቲሮል የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጽሑፍ ይህንኑ ነው የሚያየው። ቲሮል እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። የኮርስ ዝርዝሩ ውስጥ ይህ ርዕስ ጭራሽ ከሌለ እኔ ብሆን አልመዘገብም።

ሸዋ በር (ሐረር)፦
እኔ ኢኮኖሚክስ ማስተርስ ጨርሻለሁ፣ ስለዚህ ስለ ክብደቱ ልንገርህ ወንድሜ። አካውንቲንግ መማርህ አይጎዳህም፣ የባላንስ ሺት ሰው ቁጥር አይፈራም። የሚያስቸግርህ ስታቲስቲክስ ነው። ኢኮኖሜትሪክስ፣ ማለትም ኢኮኖሚውን በስታቲስቲክስ የሚያጠናው ኮርስ ላይ፣ ሪግሬሽን የሚባለው (አንዱ ነገር ከሌላው ጋር ያለውን ግንኙነት በቁጥር የሚለካው) ነገር መጀመሪያ ሳምንት ላይ ይመጣል፣ መምህሩም እንደምታውቀው አድርጎ ነው የሚጀምረው። ከእኔ ጋር ከጀመሩት ውስጥ ያቋረጡት አብዛኞቹ እዚያ ጋ ነው የቀሩት። ስለዚህ ሳትመዘገብ በፊት ፕሮባቢሊቲና ስታቲስቲክስ ከልስ። ከሶፍትዌር ደግሞ አንዱን ምረጥ፣ አር ወይም ፓይተን፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ስታታ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የሚጠቀም ትምህርት ቤት ከገባህ እዚያው ትለምደዋለህ። የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ በሚባለው የኦንላይን ሥልጠና ላይ የዳታ ሳይንስ መሠረታዊ ኮርስ አለ፣ በነፃ ነው፣ ለጀማሪ ይበቃል። መብራት እየሄደ ስለሚያስቸግር ቪዲዮዎቹን ኔት ሲኖር አውርደህ ያዝ።

ደቻቱ ማዶ፦
ስለ ወረቀቱ ልጨምር፣ ሰው የሚዘናጋው እሱ ላይ ነው። አገር ውስጥ ከሆነ ጋት፣ ማለትም አገር አቀፍ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ማለፍ አለብህ። የእንግሊዝኛና የሒሳብ ጥያቄዎቹን በሰዓት ተለማመዳቸው፣ አለበለዚያ ሰዓቱ ያልቅብሃል። ከዚያ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት። ኮስት ሼሪንግህን (የዩኒቨርሲቲ የወጪ መጋራት ዕዳህን) ካልከፈልክ ኦሪጅናል ዲግሪህንም ትራንስክሪፕቱንም ማስላክ ስለሚያስቸግር ዛሬ ነገ ሳትል ከፍለህ ጨርስ። ውጭ ለማመልከትም እነዚሁ ያስፈልጉሃል። አገር ውስጥ የቅዳሜና እሁድ ፕሮግራም ካገኘህ ሥራህን መልቀቅ አያስፈልግህም። ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲም ቢሆን የደንገጎን ዳገት ወጥተህ በሚኒባስ የምትደርስበት ነው። በትክክል ዲጂታል ኢኮኖሚ የሚል ስም ባታገኝ አትጨነቅ፤ ኢኮኖሚክስ ገብተህ ቴሲስህን (የመመረቂያ ጽሑፍህን) በዲጂታል ክፍያ ላይ መሥራት ትችላለህ። እንዲያውም እኔ የምመርጠው እሱን ነው፣ ምክንያቱም መሠረቱ ጠንካራ ይሆናል።

ገንደ ቆሬ፦
ከላይ ባለው በከፊል አልስማማም። ወጣት ነህ፣ የሥራ ልምድ አለህ፣ ስኮላርሺፕ ሳትሞክር እዚህ አትቅር። ቼቭኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፣ አንተ አለህ። ማስተርሱም አንድ ዓመት ነው፣ ስለዚህ ለእናትህ ዘመድ ካገኘህ ይቻላል። ከጨረስክ በኋላ ሁለት ዓመት አገርህ መቆየት ግዴታ ነው፣ ለአንተ ይሄ ችግር አይደለም። ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩም የሚባለው የሃንጋሪ መንግሥት ስኮላርሺፕም ኢትዮጵያውያንን ይቀበላል። ሩሲያም የመንግሥት ነፃ ኮታ አላት፤ ዲጂታል ኢኮኖሚ የሚል ስም ያላቸው ማስተርሶች እዚያ በብዛት አሉ፣ ግን በሩሲያኛ ከሆነ መጀመሪያ አንድ ዓመት ቋንቋ ትማራለህ፣ ጊዜውን አስላው። የማመልከቻ ክፍያ የሚጠይቅ ዩኒቨርሲቲ ካጋጠመህ ከመክፈልህ በፊት ኢሜይል ጻፍላቸው። ከኢትዮጵያ ሆኖ በዶላር መክፈል ከባድ መሆኑን በሁለት መስመር አስረዳቸው። የሚተዉልህ አሉ።

የከዚራ ልጅ፦
አላህ ይስጣችሁ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሸዋ በር እህቴ ስታቲስቲክሱን ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። ሥራውን በተመለከተስ? ደግሞ ቴሲስ ምን ላይ ብሠራ ይሻላል?

ሳቢያን፦
ሥራው ባንክ ውስጥም አለ፣ ዲጂታል ባንኪንግ ክፍል የሌለው ባንክ የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ ውጭ ቴሌኮም፣ የክፍያ ድርጅቶች፣ የመንግሥት ፖሊሲ ክፍሎች አሉ። ግን ሕጉን የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ 1205/2012ን፣ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ 1284/2015ን እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016ን አሁኑኑ አንብባቸው፣ ረጃጅም አይደሉም። አለቃህ ስብሰባ ላይ ስለ ደንበኛ መረጃ ሲጠይቅ የምትመልስ አንተ ትሆናለህ።

ሸዋ በር (ሐረር)፦
ቴሲስ ካልክማ ድሬ የተቀመጥክበት ቦታ ራሱ ሀብት ነው! ሳፋሪኮም ኔትወርኩን መጀመሪያ የከፈተው ድሬዳዋ ነው፣ በነሐሴ 2014፣ ከሌላው ከተማ ሁሉ ቀድሞ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ ነበር፣ የሳፋሪኮሙ የሞባይል ገንዘብ ኤምፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 መጣ። ሁለተኛ አማራጭ ሲመጣ ባለሱቁ ምን አደረገ? ሁለቱንም ያዘ ወይስ አንዱን ጣለ? ይሄን ቀፊራ ገበያ ወርደህ ሱቅ ለሱቅ ጠይቀህ ልትሰበስበው ትችላለህ፣ አብዛኛው ነጋዴ ደግሞ ባንክህ ውስጥ ያውቅሃል። ግን የባንኩን የደንበኛ ዳታ እንዳትነካ፤ መጠይቅ አዘጋጅተህ ፈቃዳቸውን ጠይቅ። ሌላም አለ። አወዳይ ላይ ጫት ነጋዴው ዋጋውን በስልክ ነው የሚሰማው፣ ክፍያው ምን ያህል ወደ ስልክ እንደተዛወረና ካሽ ላይ የቀረው ለምን እንደቀረ መጠየቅ ጥሩ ሥራ ይወጣዋል። ኦሮምኛና ሶማሊኛ የምትችል ከሆነ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ተማሪ የማያገኘውን ታገኛለህ።

የከዚራ ልጅ፦
ኦሮምኛ እችላለሁ፣ ሶማሊኛ እሰማለሁ። የሱቁን ሐሳብ ወደድኩት። የድጋፍ ደብዳቤ ከማን ላስጽፍ? የዩኒቨርሲቲ መምህሮቼ ከረሱኝ ቆይተዋል።

ደቻቱ ማዶ፦
አንዱን ከቅርብ አለቃህ፣ ሌላውን ከመምህር አስጽፍ። መምህሩ እንዲያስታውስህ ውጤትህን፣ አሁን የምትሠራውንና ቴሲስ ሐሳብህን ግማሽ ገጽ አድርገህ ላክለት። የሚዘጋበት ቀን ሳይደርስ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጠይቀው፣ በመጨረሻው ሳምንት የተለመነ ደብዳቤ ሁለት መስመር ሆኖ ነው የሚመጣው።