ለአማርኛ መጽሐፍ የሚሆን ኢ-ሪደር የትኛው ነው?

የአራት ኪሎዋ
ሰላም ቤተሰብ። የአክስቴ ልጅ ለበዓል ከአሜሪካ ልትመጣ ነው፣ ኢ-ሪደር (የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ) አምጪልኝ ብያታለሁ። እስካሁን የማነበው በስልክ ነው። ማታ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ ቀን ከፒያሳ ሜክሲኮ ታክሲ ውስጥ ደግሞ ፀሐይ ሲያርፍበት የራሴን ፊት እንጂ ጽሑፉን አላይም። ባለ 6 ኢንች ይበቃኛል ወይስ 7? ባለ ቀለሙስ? ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። የጓደኛዬን አሮጌ ኪንድል (የአማዞን ኢ-ሪደር) ተውሼ አማርኛ ስከፍትበት ፊደሉ የቀጠነ፣ መስመሩ የተደራረበ ሆነብኝ። "ቡ" ይሁን "ቢ" እየገመትኩ ነው ያነበብኩት። እንግሊዝኛው ምንም አይልም። ችግሩ ዕቃው ነው ወይስ ዓይኔ?

ፊደል ቆጣሪ
ዓይንሽ ደህና ነው። አሮጌዎቹ ርካሽ ኪንድሎች በኢንች 167 ፒክስል (ነጥብ) ብቻ ናቸው። ፔፐርኋይት የሚባለው ኪንድል በፈረንጆቹ 2015 ወደ 300 ገባ፣ ተራው ኪንድል 300 የደረሰው ገና በ2022 ነው። ለእንግሊዝኛ 167ም ያስኬዳል። የኛ ፊደል ግን ልዩነቱ አንዲት ጭረት ናት፤ "ቡ" ከወገቧ፣ "ቢ" ከእግሯ። እሷ ከደበዘዘች አለቀልሽ። ስለዚህ ከ300 በታች እንዳትገዢ።

ቀጥሎ ፎንት፣ ማለትም የፊደሉ ቅርጽ። ኪንድል ከ2018 ጀምሮ የራስሽን ፎንት ይቀበላል። በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኚውና "ፎንትስ" የሚለው ፎልደር ውስጥ ጣይው፣ በቃ። አቢሲኒካ የሚባለው ፎንት የብዕር ጽሕፈት ስለሚመስል ወረቀት ላይ እወደዋለሁ፣ እዚህ ስክሪን ላይ ግን እኔ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም ወፈር ያለው "ሚዲየም" አለው፣ ቀጫጭኑ መስመር አይጠፋም። ሁለቱም ነፃ ናቸው።

መስመሩ የተደራረበብሽ ደግሞ የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ነው፤ ሁሉም ቀጥ ብሎ ቆሞ መስመሩን ይሞላዋል። የመስመር ርቀቱን እስከ መጨረሻው አስፊው። ጽሑፉንም ወደ ግራ ብቻ አሰልፊው እንጂ ግራና ቀኙን እኩል አታድርጊ። "እንዳላስታወሰቻቸውም" ዓይነቱን ቃል ማሽኑ መቁረጥ አይችልም፣ ሙሉውን ወደ ታች ይጥለውና የላይኛው መስመር የልጅ ጥርስ ይመስላል።

ከለገሃር በታች
ፊደል ቆጣሪ ያለው ልክ ነው፣ ግን አንድ ነገር ረስቷል። እህቴ፣ እጅሽ ላይ ያለው ፋይል ምንድነው? የኔ አብዛኛው ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ነው። ስካን ፎቶ ነው፣ ፎንት ብትጭኚ ባትጭኚ አይሰማም። ስካን ያልሆነውም በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነ ልቀይረው ስትይ የምልክት ቁርጥራጭ ይሆንብሻል፣ እነዚያ ፎንቶች ከዩኒኮድ (አሁን ሁሉም ከሚጠቀምበት የፊደል ኮድ) በፊት በየራሳቸው ኮድ የተሠሩ ናቸውና። እኔ ባለ 6 ገዝቼ ጸጸቱ አልወጣልኝም። አንዱን ገጽ አግድም አዙሬ በሁለት በሦስት ዙር ነው የምጨርሰው። ቢያንስ 7 ይሁን። ኮቦ የሚባለው ሌላ ኢ-ሪደር ላይ ኮሪደር የሚባል ነፃ ፕሮግራም ይጫናል፣ የገጹን ነጭ ዳር ቆርጦ ጽሑፉን ያሰፋዋል።

ቁልፍ ወዳጅ
እኔ በአንድ ነገር ብቻ ድርቅ እላለሁ፤ ገጽ መገልበጫ ቁልፍ! ባቡር ውስጥ ቆመሽ፣ በአንድ እጅ ብረቱን ይዘሽ፣ ስክሪን በአውራ ጣት መንካት ስቃይ ነው። ኮቦ ሊብራ ቁልፍ አለው፣ 7 ኢንችም ነው። ባለ ቀለሙን ለልጆች መጽሐፍ ካልሆነ ተይው። ጥቁርና ነጩ 300 ቢሆንም ቀለሙ 150 ነው፣ ከላዩ ያለው የቀለም ማጣሪያም ስክሪኑን አመድማ ያደርገዋል። መብራቱን ግን ወደ ቢጫ የሚያዞር ይሁን። መብራት ሲጠፋ ሻማ አያስፈልግሽም፣ ቻርጁም ሳምንታት ይቆያል።

የአራት ኪሎዋ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ኖቶን በጓደኛዬ ኪንድል ላይ ጭኜ መስመሩን አሰፋሁት። በዚያው ደካማ ስክሪን እንኳን "ቡ" እና "ቢ" ተለያዩልኝ። ለአክስቴ ልጅ ባለ 7፣ ባለ ቁልፍ፣ ቀለም የሌለው ብዬ ጻፍኩላት። ጓደኛዬ ግን ዛሬ ጠዋት ዕቃዬን መልሺ ብላለች። አማርኛ እንደሚነበብበት እሷም ገና አሁን ነው ያወቀችው።