የ14 ዓመት ፋይሎቼ በአዲሱ ኮምፒውተር አልነበብ አሉኝ

ፍሬ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፍርድ ቤት በር ላይ ጽሕፈት ቤት አለኝ፤ ክስ፣ ይግባኝ፣ ውል እጽፋለሁ። የድሮው ኮምፒውተሬ ስለደከመ አዲስ ገዛሁ። ፋይሎቼን በፍላሽ አሻግሬ ስከፍት «አመልካች» ብዬ የጻፍኩበት ቦታ ላይ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተደባልቆ ይታያል። የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራሙን ልጭን ስል ቁልፉ ለአንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው ይለኛል። የሸጠልኝ ሱቅ ተዘግቷል። ያኔ ስጭነው «እስማማለሁ» የሚለውን ሳላነብ ነው ያለፍኩት። ደንበኞቼ የድሮ ውላቸውን ፈልገው ይመጣሉ፤ ምን ላድርግ?

ሮባ፦
ቁልፉን የሚሰብር ክራክ አለኝ፣ ልላክልሽ?

ጋሽ አለሙ፦
ተው ልጄ። የሰው ክስና ውል ያለበት ኮምፒውተር ላይ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ነገር አይጫንም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996ም የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ መጽሐፍ ሁሉ የቅጂ መብት ጥበቃ አለው።

ሄኖክ ጥገና፦
እህቴ፣ ፋይሎችሽ አልተበላሹም። የድሮዎቹ ፕሮግራሞች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት መቀመጫ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ አማርኛ አድርጎ የሚያሳየው ፎንቱ፣ ማለትም የፊደሉን ቅርጽ የያዘው ፋይል ነው። ፎንቱ ሲጠፋ ከሥር ያለው ወጣ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ ውስጥ የራሱን መቀመጫ አግኝቷል፤ በዚያ የተጻፈ የትም ይነበባል።

የድሮውን ኮምፒውተር እንዳትሸጪው፣ ፎርማትም እንዳታስደርጊው፤ ፈቃዱ ያለው እሱ ላይ ነው። አስቀድመሽ ሁሉንም ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጪ። ደንበኛ የሚጠይቃቸውን እዚያው ሆነሽ ፒዲኤፍ አድርጊያቸው፤ ፎንቱ አብሮ ስለሚገባ ይነበባሉ፣ እንደ ልብ ማረም ግን አይቻልም። የሚታረሙትን ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም ቀይሪ። መጀመሪያ አንዱን ብቻ ሞክሪና ከታተመው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሪ፤ በተለይ «ሏ»፣ «ኳ»፣ «ጓ» እና አራት ነጥቡን። ውል ላይ አንድ ፊደል ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂያለሽ።

ከእንግዲህ ለመጻፊያ ሊብረኦፊስ፣ ለፎንት አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል፣ ለኪቦርድ ኪማን ይበቁሻል። ፈቃዳቸው ስንት ኮምፒውተር ላይ ጫንሽ አይልም፤ ለጎረቤትሽም መስጠት ትችያለሽ። የተሠሩበት ኮድ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ሠሪው ቢተወው ሌላው ያነሳዋል። ሊብረኦፊስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2010 ኦፕን ኦፊስ ከሚባለው ፕሮግራም ተለይተው የወጡ ሰዎች የቀጠሉት ሥራ ነው። ያንቺ ሱቅ ሲዘጋ ግን ቁልፉንም ይዞት ሄደ፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፣ የጻፍሽው አንቺ ሆነሽ ሳለ።

ማርታ፦
ሊብረኦፊስ በወርድ የተሠራ ሠንጠረዥ አንዳንዴ ያዛባል፤ ከማተምሽ በፊት ገጹን እዪው። ወርድ ከለመደብሽም ፈቃዱን ገዝተሽ ቀጥይ፣ ምርጫው ያንቺ ነው። በዩኒኮድ ጻፊ እንጂ በሁለቱም ይሠራል።

ፍሬ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ክራኩን ትቼዋለሁ። ትናንት ማታ አንድ የ2006 የኪራይ ውል ቀየርኩ። ሁለት ቦታ «ኳ» ጠፍቶ ነበር፣ ከታተመው አይቼ መለስኩት። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ «አከራይ» የሚለውን በአማርኛ ሳየው እንባዬ መጣ። ዛሬ ማታ የ2004ቱን ፎልደር እጀምራለሁ።