ጉንጭ የሚመታ ባለ 375 ጠመንጃ፦ ጥፋቱ የጥይቱ ነው ወይስ የሰደፉ?

ጠያቂ፦ ረዳት መሪ (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ነዋሪነቴ ሐዋሳ ሲሆን፣ በሙነሳና በባሌ በኩል ፈቃድ ይዘው የደጋ አጋዘን ለማደን ለሚመጡ እንግዶች በረዳት መሪነት ስሠራ አራት ዓመት ሆኖኛል። በቅርቡ ባለ 30-06 ከሚባለው ጥይት ጠመንጃ ወደ ከበደው ባለ 375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ማግነም ተዛውሬአለሁ። ርግጫው፣ ማለትም ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመታው ምት፣ እንደሚከብድ አስቀድሜ አውቅ ነበር፤ ያልጠበቅኩት ግን ከትከሻዬ ይልቅ ጉንጬ መጎዳቱን ነው። ባለፈው ሳምንት የማነጣጠሪያ መነጽሩን ለማስተካከል ከጠረጴዛ ላይ ስምንት ጥይት ስተኩስ፣ በአራተኛው ጉንጬ አበጠ፤ በስምንተኛው ደግሞ ምላጩን ከመሳቤ በፊት ዓይኔን እየጨፈንኩ መሆኔ ታወቀኝ።

ሰደፉ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ቁልቁል የሚወርድ፣ ጠባብ፣ ጫፉ ላይ ያለውም ጎማ በዕድሜ ብዛት እንደ ድንጋይ የደረቀ ነው። መነጽሩ የተገጠመለት በኋላ ነው። ከመዝጊያው በስተኋላ ካለው የብረት ጅራት ሥርም ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አይቻለሁ። ባልደረባዬ «375 ላንተ አይሆንም፣ ወደ ቀድሞው ተመለስ» ይለኛል፤ አንድ አናጢ ወዳጄ ደግሞ ከዋንዛ አዲስ ሰደፍ ላውጣልህ ብሎኛል። የትኛውን ልስማ?

መልስ 1፦ የመካኒክስ መምህር (አዳማ)

ወንድሜ፣ ከገለጽከው የምረዳው ጥፋቱ በአብዛኛው የሰደፉ መሆኑን ነው። በመጀመሪያ ሰደፍ የማይለውጠውን እንለይ። እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1912 ያወጡት ይህ ጥይት 19.4 ግራም የሚመዝን እርሳስ በሰከንድ 770 ሜትር ገደማ ያስወነጭፋል። እርሳሱን ተከትሎ የሚወጣው የባሩድ ጋዝ የራሱን ግፊት ሲጨምርበት፣ 4.2 ኪሎ የሚመዝን ጠመንጃ በሰከንድ 5 ሜትር ያህል ፍጥነት ወደ አንተ ይመጣል፤ ጉልበቱም 50 ጁል አካባቢ ነው። 3.6 ኪሎ የሚመዝን ባለ 30-06 ወደ 28 ጁል ስለሚሆን፣ የተሸከምከው እጥፍ ለመሆን ጥቂት የቀረውን ነው። ሰደፍ የሚወስነው ይህ ጉልበት በየት በኩል፣ በምን ያህል ስፋት ላይና በምን ያህል ጊዜ ውስጥ ሰውነትህ ላይ እንደሚያርፍ ነው።

ግፊቱ በበርሜሉ መካከል ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይመጣል፤ ትከሻህ ግን የሚቀበለው ከዚያ መስመር በታች ነው። ሁለቱ በተራራቁ ቁጥር ጠመንጃው ትከሻህን እንደ ማጠፊያ አድርጎ ወደ ላይ ይዞራል፤ አፈሙዙ ይነሣል፣ የሰደፉም ጀርባ፣ ማለትም ጉንጭ የሚያርፍበት የላይኛው ጠርዝ፣ ወደ ጉንጭህ ይነሣል። ቁልቁል የወረደ ሰደፍ በብረት ማነጣጠሪያ ለሚተኩስ ሰው የተሠራ ነው። መነጽር ሲገጠም የዓይን መስመር 2 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ስለሚል አንተም ጭንቅላትህን ታነሣለህ፤ ያኔ በጉንጭህና በእንጨቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል። እንጨቱ ያንን ክፍተት ተንደርድሮ ስለሚያቋርጠው ቡጢ ይሆናል፤ ጉንጭህ አስቀድሞ ተደግፎበት ቢሆን ኖሮ ግን ግፊያ ብቻ በሆነ ነበር።

ስለዚህ የሰደፉ ጀርባ ቀጥ ያለና ዓይንህ መነጽሩን ያለ ጥረት የሚያገኝበት ከፍታ ያለው ይሁን። ከፊት ዝቅ፣ ከኋላ ከፍ ያለ ጀርባ ደግሞ ይበልጥ ይመረጣል፤ ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲመጣ እንጨቱ ከጉንጭ እየራቀ ይሄዳልና። አሜሪካዊው ሮይ ዌዘርቢ የታወቀባቸው ሰደፎች በዚህ መንገድ የተቀረጹ ናቸው። ትከሻ ላይ የሚያርፈው ጫፍም ሰፋ ይበል፣ የደረቀው ጎማ በለስላሳ ይተካ፤ ጎማው የሚያደርገው ምቱን በረዘመ ጊዜ ውስጥ መከፋፈል ነው።

መልስ 2፦ የቀድሞ የአደን መሪ (ሐዋሳ)

ልጄ፣ መምህሩ ልክ ብለዋል። እኔ የምጨምረው አተኳኮስህን ነው። ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ሲተኮስ ሰውነት ወደ ኋላ መሄጃ ስለሌለው ምቱን ሁሉ ትከሻ ይውጠዋል፤ ቆሞ በዘንግ ተደግፎ ሲተኮስ ግን ወገብ ከጠመንጃው ጋር ይሄዳል። በአንድ ቀን ከጠረጴዛ ላይ ከሦስትና ከአራት ጥይት በላይ አትተኩስ፤ አንድ ጊዜ የለመደ የዓይን መጨፈን በቀላሉ አይለቅም፣ የቆሰለ ጎሽ ጫካ በገባ ዕለት ደግሞ የሚከፈልበት ዋጋ ከባድ ነው። ልምምዱን በባዶ ጠመንጃና በአነስተኛ ጥይት አብዛው።

አፈሙዝ ላይ የሚገጠመውን ጋዝ ወደ ጎን የሚበትን ቁራጭ ይመክሩህ ይሆናል። ርግጫውን በእርግጥ ያቀላል፤ ነገር ግን ድምፁ ወደ ጎን ስለሚመለስ አጠገብህ የሚቆመው ዱካ ፈላጊ ጆሮውን ያጣል። እኔ ከሰው ጋር በምሠራበት ጠመንጃ ላይ አላስገጥምም።

መልስ 3፦ ፈቃድ ያለው ጠጋኝ (አዳማ)

ሁላችሁም ያለፋችሁት ስንጥቁን ነው፤ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን እሱ ነው። ያ ጠመንጃ ከመጠገኑ በፊት አንድም ጥይት አይተኮስበት። በከባድ ጠመንጃ ውስጥ ከበርሜሉ ሥር ያለው የብረት ጥርስ እንጨቱ ውስጥ ከተቆፈረለት ግንብ ጋር ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ግፊቱን ሊቀበል ይገባል። ጥርሱ ትንሽ ከላላ ብረቱ በየተኩሱ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ የኋላ ጅራቱን እንደ ሽብልቅ ወደ እጀታው ይነዳዋል፤ ስንጥቁም ከዚያ ይጀምራል። ጥላሸት በዘይት ለውሰህ ጥርሱን ቀባው፣ ብረቱን አስቀምጠህ አንሣው፤ እንጨቱ ላይ ጥቁሩ ያላረፈበት ቦታ ሁሉ ያልተነካ ቦታ ነው። ያንን በኤፖክሲ (ሲደርቅ በሚጠነክር ማጣበቂያ) መሙላት፣ ከጅራቱ በስተኋላ ደግሞ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊሜትር ክፍተት መተው፣ ከጥርሱ ኋላም የብረት አግዳሚ ብሎን ማሳለፍ ያስፈልጋል።

ስለ ዋንዛው የአናጢውን ቅን ልብ አደንቃለሁ፤ ለበርና ለቁም ሣጥን ወደር የለውም፣ ለባለ 375 ግን ቀላልና ለስላሳ ስለሆነ አልመክረውም። በደንብ የደረቀ፣ የእንጨቱ መስመር በእጀታው ውስጥ ሳይቆረጥ ወደ ኋላ የሚያልፍ ዋልነት የሚባለው ጠንካራ እንጨት ይሻላል። በተጨማሪም የጦር መሣሪያ ጥገና በሕግ ፈቃድ የሚፈልግ ሥራ መሆኑን ለወዳጅህ ንገረው፤ ሳያውቅ ችግር ውስጥ እንዳይገባ።

ጠያቂ፦ ረዳት መሪ (ሐዋሳ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ በተለይ አባቴ፣ ስለ ዱካ ፈላጊው ጆሮ ያሉትን አስቤው አላውቅም ነበር። ዛሬ ጠዋት ከኃላፊዬ ጋር ሆነን ብረቱን ከእንጨቱ አወጣነውና የጥላሸቱን ሙከራ አደረግን፤ ጥርሱ እንጨቱን የሚነካው በግራ ጠርዙ ላይ ብቻ ነው፣ ከጅራቱ ኋላም ወረቀት የምታሳልፍ ክፍተት እንኳ የለም። ጠመንጃውን ሰኞ ፈቃድ ወዳለው ጠጋኝ እንልካለን። አዲሱ ሰደፍ እስኪወጣ ድረስ በባለ 30-06 እቆያለሁ።