ሶፕ ሀንድለር ላይ ያስቀመጥኩት ዳታ ሰርቪሱ ጋ ሲደርስ ነል ይሆናል

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በጃክስ ደብሊውኤስ (ለሶፕ ዌብ ሰርቪስ መሥሪያ የሚሆን የጃቫ ኤፒአይ) የተሠራ ሰርቪስ ነው። ሀንድለሩ (ሜሴጁ ሰርቪሱ ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያየው ኮድ) የደንበኛውን መለያ ከሶፕ ሄደሩ አንብቦ ሜሴጅ ኮንቴክስት (ከሜሴጁ ጋር አብሮ የሚሄድ የዳታ መያዣ) ላይ ፑት ያደርገዋል። እዚያው ሎግ ሲደረግ ትክክለኛው ዋጋ ይወጣል፤ የሰርቪሱ ሜተድ በዌብ ሰርቪስ ኮንቴክስት በኩል ጌት ሲለው ግን ነል (ባዶ) ነው። የቁልፉ ስም ሁለቱም ጋ አንድ ነው። ስታቲክ ማፕ (ሁሉም ሪኩዌስቶች የሚጋሩት ማከማቻ) ብጠቀምስ?

መልስ 1፦
የጎደለህ ስኮፕ ነው፤ ማለትም ዋጋውን ማን ማየት እንደሚችል የሚወስነው። ሀንድለር የሚያስገባው ፕሮፐርቲ ካልቀየርከው ስኮፑ «ሀንድለር» ነው፤ ሀንድለሮች እርስ በርሳቸው ያዩታል፣ ኢንድፖይንቱ (የሰርቪሱ ክላስ) አያየውም። ከፑቱ ቀጥሎ ሁለተኛውን መስመር ጨምር (ሲቲኤክስ ሜሴጅ ኮንቴክስቱ ነው)፦

ሲቲኤክስ.ፑት("ክላየንትአይዲ", አይዲ);
ሲቲኤክስ.ሴትስኮፕ("ክላየንትአይዲ", ሜሴጅኮንቴክስት.ስኮፕ.አፕሊኬሽን);

ቅደም ተከተሉን እንዳትገለብጠው። ቁልፉ ሳይገባ ሴትስኮፕ ከተጠራ ኢሊጋል አርጊዩመንት ኤክሴፕሽን ይመጣል።

ሰርቪሱ ጋ ዌብ ሰርቪስ ኮንቴክስቱን በሪሶርስ አኖቴሽን ፊልድ አድርገህ ያዘው፤ ጌትሜሴጅኮንቴክስትን ግን ሜተዱ ውስጥ ብቻ ጥራው። ፖስትኮንስትራክት (ኦብጀክቱ እንደተፈጠረ የሚጠራው ሜተድ) ላይ በሂደት ያለ ሪኩዌስት ስለሌለ ኢሊጋል ስቴት ኤክሴፕሽን ነው የምታገኘው።

ስታቲክ ማፑን እርሳው። ሁለት ሪኩዌስት እኩል ሲገቡ የአንዱ መለያ ለሌላው ይሰጣል፣ ይህ ደግሞ የሴኩሪቲ ቀዳዳ ነው። የሀንድለሩ ፊልድም ያው ነው፤ አንዱ ኢንስታንስ ብዙ ሪኩዌስት ያስተናግዳል።

መልስ 2፦
ከላይ ባለው ላይ ልጨምር። መልስ ባለው ጥሪ ሀንድልሜሴጅ ሲገባም ሲወጣም ይጠራል። ሜሴጅ አውትባውንድ ፕሮፐርቲን መጀመሪያ አይተህ ትሩ ከሆነ (ሜሴጁ እየወጣ ነው ማለት ነው) ምንም ሳትነካ ትሩ መልስ፤ አለዚያ ከመልሱ ውስጥ የሌለ ሄደር ስትፈልግ ነል ፖይንተር ይወድቅብሃል።

ደንበኛው ሄደሩን ማስት አንደርስታንድ 1 (ተቀባዩ ይህን ሄደር የግድ ማወቅ አለበት) ብሎ ከላከው ደግሞ የሀንድለሩ ጌትሄደርስ ሜተድ የሄደሩን ኪውኔም (ከነኔምስፔሱ ሙሉ ስም) የያዘ ሴት መመለስ አለበት። አይዲኢው (ኮድ መጻፊያው ፕሮግራም) የሚሞላልህ «ሪተርን ነል» ከተተወ ሀንድለርህ ገና ሳይጠራ ፎልት (የሶፕ ስህተት መልስ) ይመለሳል፣ ሎግህም ባዶ ይሆናል።

ጠያቂ፦
ሴትስኮፕ ስጨምር ሠራ፣ አመሰግናለሁ። መለያው ዲኤኦው (ዳታቤዙን የሚያነጋግረው ክላስ) ድረስ እንዲወርድ ስሬድ ሎካል (ለእያንዳንዱ ስሬድ ለብቻው የሚቀመጥ ዋጋ) ይሻላል?

መልስ 1፦
በፓራሜትር አሳልፈው፤ ኮዱ ትንሽ ቢረዝምም ከየት እንደመጣ ይታያል። ስሬድ ሎካል የግድ ካልክ ሰርቪሱ ሜተድ ውስጥ ሴት አድርገህ ፋይናሊ ላይ ሪሙቭ በል። ሰርቨሩ ስሬዶቹን ከፑል ስለሚያዞር ያልጸዳ ዋጋ ለቀጣዩ ደንበኛ ይተርፋል። ሥራውን ወደ ሌላ ኤክሲኪውተር (ሥራን በራሱ ስሬዶች የሚያስኬድ) ከላክኸው ደግሞ እዚያ ያለው ስሬድ አያየውም።