መዝሙር 10 (9) እና 73 (72)፦ የኃጥእ ትዕቢት በመዝሙራት እንዴት ይጠና?

ዘረቡዕ
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ለአንድ የጥናት ቡድን «የኃጥእ ትዕቢት በመዝሙረ ዳዊት» በሚል ርእስ የሦስት ሳምንት ትምህርት እያዘጋጀሁ ነው። የቸገሩኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። መዝ. 10፥4 ላይ ትዕቢተኛው በሐሳቡ ሁሉ «አምላክ የለም» ሲል ከሃዲ ነው ማለት ነው? ደግሞ ከቡድኑ ግማሹ የግእዙን ዳዊት ስለሚይዝ ቁጥሩ አይገጥምም፤ ምን ይሻላል? ከሁሉ የከበደኝ «የኃጥኡን ክንድ ስበር» የሚለው (10፥15) ነው። እዚያ ስንደርስ እያንዳንዱ የራሱን ባላንጣ ማሰቡ አይቀርም።

ባለ ማኅቶት
ከቁጥሩ ልጀምር፣ እሱ ቶሎ ያልቃል። በሰባ ሊቃናት (በጥንቱ የግሪክ ትርጉም) እና በግእዙ መዝሙር 9 እና 10 አንድ ናቸው፤ በዕብራይስጡ 10፥1–18 የሆነው በሰባ ሊቃናቱ 9፥22–39 ነው። ከዚያ ወዲያ የግእዙ ቁጥር ባመዛኙ በአንድ ያንሳል፦ 37 የሚባለው 36፣ 73 የሚባለው 72 ነው። በሚያድሉት ወረቀት ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን ይጻፏቸው። አንዱን ቁጥር ብቻ ጠርተው «አውጡ» ካሉ ሰዓቱ በገጽ ማገላበጥ ያልቃል።

ወደ ዋናው ልምጣ። ቁጥር 4ን ነጥሎ ማንበብ ነው ሰውን የሚያሳስተው። መዝሙሩ የትዕቢተኛውን ልብ ከፍቶ ያሰማናል፤ «በልቡ ይላል» የሚለው ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። ቁጥር 6 ላይ «ለልጅ ልጅ አልታወክም»፣ ቁጥር 11 ላይ «እግዚአብሔር ረስቶአል»፣ ቁጥር 13 ላይ «አይመራመረኝም»። ይረሳል የሚባለው ያለ ነው፤ «አይመራመረኝም» ማለትም ዳኛ መኖሩን እያወቁ ፋይሉ አይከፈትም ብሎ መተማመን ነው። ስለዚህ የቁጥር 4 «የለም» በፍልስፍና ተከራክሮ የደረሰበት ድምዳሜ አይደለም፤ ሒሳቡን ሲሠራ እግዚአብሔርን አያስገባም ማለት ነው። የመዝ. 14 (13) «ሰነፍ በልቡ፦ አምላክ የለም ይላል» በዚሁ መንገድ ይነበባል፤ እዚያም ወዲያው ተከትሎ የሚመጣው ሕዝብን እንደ እንጀራ የሚበሉ ሰዎች ነገር ነው።

ከቁጥር 8 እስከ 10 ያለውን አይዝለሉት። ብዙ ትምህርት ትዕቢትን የልብ ጠባይ ብቻ አድርጎ እዚህ ላይ ይሰናከላል። መዝሙሩ ግን ከልብ ንግግሩ ወደ መንደር ያወርደናል፦ ሰውየው በስውር አድብቶ ይቀመጣል፣ ዓይኑ ድኻው ላይ ነው፣ እንደ አንበሳ ይሸምቃል፣ በወጥመዱ ስቦ ይይዛል። «አልታወክም» በቁጥር 6 ነው፣ ሽምቁ በቁጥር 8። ትዕቢቱ ካልተጠየቅሁ ባይነት ስለሆነ፣ የሚታየው ጠያቂ የሌለው ሰው ላይ በሚሠራው ሥራ ነው። መልሱ በቁጥር 14 ይመጣል፦ «አየኸው»። ተጨማሪ ካስፈለገዎ መዝ. 94 (93)፥9ን ያያይዙበት፦ «ጆሮን የተከለው አይሰማምን? ዓይንን የሠራው አያይምን?»

አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልጨምር። 9 እና 10 በዕብራይስጡ ስንኞቻቸው በፊደል ተራ እየጀመሩ የተደረደሩ ናቸው። በመዝሙር 119 (118) የምናውቃቸው አሌፍ፣ ቤት ማለት ነው። መዝሙር 10 በላሜድ ይጀምራል፤ ኃጥኡ በሚገለጽበት ክፍል ላይ ግን ተራው ይፈርሳል። ቁጥር 12 ላይ «አቤቱ ተነሥ» ሲል በቆፍ ይመለስና ሬስ፣ ሳን፣ ታው ብሎ ይጨርሳል። ትዕቢተኛው ሲናገር ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ጸሎት ሲጀመር ተመለሰ። እኔ ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስለኛል።

አንባቢ ዘደብር
ባለ ማኅቶት ያሉት መልካም ነው፤ የፊደሉን ነገር ግን እንደ ማስረጃ አያስተምሩት። መዝሙር 9 ላይም ዳሌጥ የለም፤ እዚያ ኃጥእ የሚናገርበት ቦታ አይደለም። በመገልበጥ የጠፋ ሊሆን ይችላል የሚሉም አሉ። «እንዲህ ብለው የሚያዩ አሉ» ብሎ ማለፍ ይበቃል።

ለሁለተኛው ሳምንት 73 (72)ን እመርጣለሁ፤ የአሳፍ ነው፣ በግእዙ ዳዊት ከረቡዕ ድርሻ ውስጥ ስለሚገኝ ለሚደግሙት አዲስ አይደለም። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን በጣት እያስያዙ ያስነብቧቸው። ቁጥር 4 እና 5፦ ሕመም የለም፣ እንደ ሰው መከራ የለም። ቁጥር 6 «ስለዚህ» ብሎ ይጀምራል፦ ትዕቢት ያዛቸው፣ ግፍን እንደ ልብስ ተጐናጸፉ። በዕብራይስጡ ትዕቢቱ የአንገት ጌጥ ነው፤ ተደብቆ የሚያዝ ሳይሆን አጥልቀውት የሚወጡበት። ቁጥር 8 እና 9 ላይ አፉ ይከፈታል፣ «አፋቸውን በሰማይ አኖሩ»። ቁጥር 10 ሕዝቡ ወደ እነርሱ ይዞራል። «እግዚአብሔር እንዴት ያውቃል?» የሚለው የሚመጣው በቁጥር 11፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ክህደቱ መጀመሪያ አልመጣም፤ ምቾቱ ቀደመ፣ ነገረ መለኮቱ ተከተለው።

የተለመደው ስሕተት ቁጥር 17 እና 18 ላይ ማቆም ነው፦ «ወደ መቅደስ ገባ፣ መጨረሻቸውን አየ፣ ቅናቱ ለቀቀው»። እንዲያ ከሆነ መዝሙሩ የባላንጣን ውድቀት በማየት መጽናናት ይሆናል። አሳፍ ግን ቁጥር 22 ላይ ስለ ራሱ «በአንተ ዘንድ እንደ እንስሳ ሆንሁ» ይላል፣ ቁጥር 23 ላይ ቀኝ እጁ መያዙን ያያል። ልብ የሚለው ቃል በዕብራይስጡ ስድስት ጊዜ ይገባል፤ አንዱ ብቻ የትዕቢተኞቹ ነው፣ አራቱ በግልጽ የአሳፍ የራሱ። ሚዛኑ ወዴት እንዳጋደለ ይታያል።

ታሪክ ወዳድ
ለምሳሌ የአሦርን ንጉሥ ሰናክሬምን ተጠቀሙ፤ መዝሙሩ ስለ እርሱ ተጻፈ ግን አትበሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ701 ይሁዳን ሲወርር መልእክተኛው ራፋስቂስ በኢየሩሳሌም ቅጥር ፊት ቆሞ የተናገረው (ኢሳ. 36) «አፋቸውን በሰማይ አኖሩ» የሚለውን በሥጋ ያሳያል። ንጉሡ ራሱ በሸክላ ባስቀረጸው ዜና መዋዕል 46 የተመሸጉ ከተሞች እንደ ያዘ፣ የይሁዳን ንጉሥ ሕዝቅያስንም እንደ ወፍ በቀፎ እንደ ዘጋበት ይፎክራል፤ ኢየሩሳሌምን ያዝሁ ግን አይልም።

ኢሳ. 37፥37 ላይ ወደ ነነዌ ይመለሳል፣ 37፥38 ላይ ልጆቹ ይገድሉታል። በመጽሐፉ ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች ናቸው። ሰናክሬም የሞተው ግን በ681 ነው፤ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል 20 ዓመት አለ። «አልታወክም» የሚል ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ ልክ መስሎ ሊኖር ይችላል። መዝሙረኛው «ስለ ምን በሩቅ ቆምህ?» ብሎ የጀመረው (10፥1) እንዲህ ያለው ዘመን ውስጥ ሆኖ ነው።

ዘረቡዕ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስተኛው ጥያቄዬ ግን ቀረ፤ ባላንጣ የመጠቆሙ ነገር።

ባለ ማኅቶት
ከመጀመሪያው ሳምንት ይከላከሉት። ሦስት ጥቅሶችን ያለ ምዕራፍና ያለ ተናጋሪ በአንድ ወረቀት ያስቀምጡ፦ «ለልጅ ልጅ አልታወክም»፣ «እኔም በደስታዬ፦ ለዘላለም አልታወክም አልሁ»፣ «በቀኜ ነውና አልታወክም»። ኃጥኡ የትኛውን እንዳለ ይጠይቋቸው። የመጀመሪያው 10፥6 ነው። ሁለተኛው 30 (29)፥6፣ በዳዊት ስም ያለ መዝሙር ነው፤ ቀጥሎ «ፊትህን መለስህ፣ እኔም ደነገጥሁ» ይላል። ሦስተኛው 16 (15)፥8። «አልታወክም» የሦስቱም ነው፤ የሚለያዩት የተደገፉበት ነገር ላይ ነው። ጻድቁም በደስታው ቀን የኃጥኡን ንግግር እንደሚናገር አስቀድሞ ካየ፣ ሰው ክንድ ስበር ሲል ጣቱን ለመቀሰር አይቸኩልም።

አንባቢ ዘደብር
በዚያ ላይ 10፥15ን እስከ መጨረሻው ያንብቡት። ክንድ ኃይል ነው፣ የሚያዳፋበት። ሁለተኛው ሐረግ ክፋቱ ተፈልጎ እስኪታጣ ድረስ እንዲመረመር ይለምናል፤ ሰውየው «አይመራመረኝም» ላለው ቀጥተኛ መልስ ነው። ቁጥር 18 ደግሞ ጸሎቱ ለማን እንደሆነ ይናገራል፦ ለድኻ አደጉና ለተገፋው ይፈረድ ዘንድ። ስለዚህ ሲያስተምሩ «ማን በደለኝ?» ሳይሆን «በዚህ ቁጥር ውስጥ የማን ጉዳይ ነው የቀረበው?» ብለው ይጠይቁ።

የባቢሎን ታልሙድ፣ የአይሁድ ሊቃውንት ትምህርት መጽሐፍ (መጊላ 17ለ)፣ ይህችን ቁጥር የተረጐመበት መንገድ ለዚህ ይጠቅምዎታል። በአይሁድ ጸሎት ከሚደገሙት ከአሥራ ስምንቱ በረከቶች ስለ ዓመቱ ፍሬ የሚለመነው ለምን ዘጠነኛ ሆነ ብሎ ይጠይቅና፣ በገበያ ዋጋ በሚያስወድዱት ላይ የተነገረ ነው ይላል፤ ዳዊትም «የኃጥኡን ክንድ ስበር» ያለው በዘጠነኛው መዝሙር ነውና። ቁጥሩ ከግእዙ ጋር ይገጥማል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ታልሙዱ መዝሙር 1 እና 2ን በአንድ የሚቆጥርበት ቦታ አለና፤ የግእዙን ዳዊት ለያዙት የቡድንዎ አባላት ይህን ሳይነግሩ አይለፉ።