ለምርምር የሚሰጠውን የመንግሥት ገንዘብ በግሪን ካርድ ማግኘት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። ሜሪላንድ ነው የምኖረው። የተማርኩት ምግብ ሳይንስ ነው። የጤፍ እንጀራ ቶሎ እንዳይሻግት በእርሾው ላይ የምሞክረው ነገር አለ። መንግሥት ለትንንሽ ድርጅቶች የምርምር ገንዘብ ይሰጣል ሲባል ሰማሁ። ዜግነት የለኝም፣ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ይሆናል?

መልስ፦ እህቴ፣ በደንብ ይሆናል። ኤስቢአይአር ይባላል። ከ1982 ጀምሮ በሕግ የቆመ ነው። ትልቅ የምርምር በጀት ያላቸው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከውጭ ለሚያሠሩት ምርምር ከያዙት በጀት 3.2 በመቶውን ለትንንሽ ድርጅቶች እንዲመድቡ ያስገድዳል። ብድር አይደለም። መንግሥት ከድርጅትሽ ድርሻም አይወስድም።

ድርጅቱ ለትርፍ የቆመ፣ አሜሪካ ውስጥ ያለና ከ500 ሠራተኛ ያልበለጠ ይሁን። ከግማሽ በላይ ባለቤትነቱ ደግሞ በዜጎች ወይም በግሪን ካርድ ባለቤቶች እጅ መሆን አለበት። ብዙ ወገኖቻችን ይህን ባለማወቅ ገና ከበሩ ይመለሳሉ፤ በጣም ያሳዝነኛል።

አሁን ዋናው ነገር። ገንዘቡ ለንግድ መክፈቻ አይሰጥም። «የሐበሻ ሰው ብዙ ነው፣ እንጀራ ጋግረን እንሸጣለን» ብለሽ ከጻፍሽ አለቀ። እነሱ የሚፈልጉት ገና መልስ ያልተገኘለት ቴክኒካዊ ጥያቄ ነው። በእርሾው ውስጥ ሻጋታን የሚገታው የትኛው ባክቴሪያ ነው? መጠኑ ሲጨምር እንጀራው ይኮመጥጣል ወይ? ዐይኑስ ይጠፋል? አብሲት ሲጣል የሙቀቱ ልዩነት ምን ያመጣል? እንዲህ ብለሽ ጠይቂ። እንዴት እንደምትለኪውና ምን ውጤት ሲገኝ «ተሳካ» እንደምትዪም አስቀምጪ። የመጀመሪያው ዙር ሐሳቡ ይሠራ እንደሆነ መፈተሻ ነው። ሁለተኛው ዙር ገንዘቡም ጊዜውም ሰፋ ያለ ነው። ወደ ገበያ ማውጣቱ ግን በራስሽ ወይም በሌላ ገንዘብ ነው።

ለአንቺ የሚቀርቡት ሁለት ናቸው፦ የግብርና መሥሪያ ቤቱ ዩኤስዲኤ እና ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን የሚባለው ኤንኤስኤፍ። ኤንኤስኤፍ በመጀመሪያ አጭር የሐሳብ መግለጫ ይቀበልና «ሙሉውን አምጪ» ወይም «ለእኛ አይሆንም» ይልሻል። ብዙ ልፋት ይቀንሳል። የመጀመሪያው ዙር ገንዘቡ እስከ 305 ሺህ ዶላር ደርሶ ነበር።

አንድ ከባድ ነገር አለ። ዋናዋ ተመራማሪ አንቺ ከሆንሽ፣ ገንዘቡ ሲለቀቅ ከግማሽ በላይ የሥራ ጊዜሽ በራስሽ ድርጅት መሆን አለበት። የቀን ሥራሽን ይዘሽ በማታ የምትወጪው አይደለም። ቤተሰብ ካለሽ ቀድመሽ ተነጋገሪበት። ሥራውን መልቀቅ ካልቻልሽ ኤስቲቲአር የሚባለውን እዪ፤ ከዩኒቨርሲቲ ጋር በጥምረት ነው፣ ዋና ተመራማሪውም ከዩኒቨርሲቲው ሊሆን ይችላል።

የላብራቶሪ ሥራውን አዲስ አበባ በርካሽ አሠራለሁ ብለሽም አታስቢ። ምርምሩ እዚሁ አሜሪካ ነው መሠራት ያለበት።

ሌላ ጠያቂ፦ ለዚህ ገንዘብ ለማመልከት መጀመሪያ በመንግሥት ገጽ መመዝገብ አለ፤ ለምዝገባው ክፈል የሚል ኢሜይል መጣልኝ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዳትከፍል! ሳም ዶት ጎቭ (SAM.gov) በሚባለው የመንግሥት መመዝገቢያ ገጽ ላይ መመዝገብ በነጻ ነው። ስምህ እዚያ ከገባ በኋላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚመስሉ ኢሜይሎች ይጎርፋሉ፤ ለእኔም መጥተውልኛል። የድርጅቱ ስም የግብር መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ ዘንድ ካለው ጋር በትክክል ይግጠም፣ ካልገጠመ ይመለስብሃል። ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል የማመልከቻው ቀን ሳይደርስ ጀምረው።

ለሁላችሁም፦ የመርሃ ግብሩ ሕጋዊ ፈቃድ በፈረንጆቹ መስከረም 30፣ 2025 አልቆ አዳዲስ ጥሪዎች ቆመው ነበር። ስለዚህ መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት ጥሪው መከፈቱን በመሥሪያ ቤቱ ገጽ ላይ እዩ። ኤስቢዲሲ የሚባሉት የንግድ አማካሪዎች በየስቴቱ አሉ፤ ምክራቸው በነጻ ነው። እህቴ፣ የሐሳብ መግለጫሽን ስትጽፊ እዚህ ንገሪን፤ አነብልሻለሁ።