የሃይሉክስ ቦል ጆይንት ያለጊዜው ማለቅ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ፣ ረቂቅ 2

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቅ 1 በጀቱን በሙሉ ለዕቃ ግዢ ነው የያዘው፤ ለማኅበሩ 12 የቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፖች 24 የታች ቦል ጆይንት (የፊት ጎማውን ክፍል ከኮንትሮል አርሙ ጋር የሚያያይዝ ባለ ኳስ መጋጠሚያ)። እስከ ዓርብ ሐሳባችሁን አስፍሩበት።

የጥገና ኮሚቴ፦ በዚህ አንስማማም። የሚጨርሳቸው ነገር ሳይነካ 24ቱን ብንገዛ ያው መልሰን መግዛታችን አይቀርም። ቪጎም ሆነ ሬቮ የሚባሉት የሃይሉክስ ሞዴሎች ላይ ሞላው የሚያርፈው የታች ኮንትሮል አርም (ጎማውን ከሻሲው ጋር የሚይዘው ክንድ) ላይ ነው፤ ስለዚህ ጭነቱን የሚችለው የታቹ ቦል ጆይንት ነው። ጭነት ብቻውን ግን ቶሎ አይጨርሰውም። የጎማ ሽፋኑ ከተቀደደ ግን ግራሶው ይወጣል፣ የኮሮኮንቹ አቧራና ውሃ ይገባል፣ ኳሱ ይቧጠጣል። ሽፋኑን የምንቀድደው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እኛው ነን፦ ሌላ ሥራ ለመሥራት በመፍቻ ሹካና በመዶሻ ስንፈታ፣ ላቫጆ ላይ የግፊት ውሃ ቀጥታ ሲረጭበት፣ የግራሶ መግቢያ የሌለውን በመርፌ ስንወጋ። መርፌው የሚተወው ቀዳዳ ጉዳት ከሚገባው ግራሶ ጥቅም ይበልጣል።

አባል (የኪራይ ፒካፕ)፦ መኪናውን ከፍ ለማድረግ ሞላው ላይ ማስረዘሚያ የገባላቸውስ?

የጥገና ኮሚቴ፦ እነሱ የሚበሉት የላዩን ቦል ጆይንት ነው። መኪናው ከፍ ሲል ፒኑ (ከኳሱ የሚወጣው ዘንግ) ሁልጊዜ ተጣሞ ይቆማል፤ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል የኳሱን ቤት ጠርዝ ይመታል። ማስረዘሚያው ካልወጣ ዕቃ መቀያየሩ ዋጋ የለውም።

ስለዚህ በየ5,000 ኪሎ ሜትር ምርመራ ይግባ። ክሪኩ ከታች አርም ሥር፣ ወደ ቦል ጆይንቱ ተጠግቶ ይቁም፤ ሻሲ ላይ ከሆነ ሞላው አርሙን ወደ ታች ስለሚገፋ ልቅነቱ ይደበቃል። ጎማው ከመሬት ትንሽ ሲለቅ አንዱ በሌቫ (ማንሻ ብረት) ከሥር ከፍ ዝቅ ያድርግ፣ ሌላው መጋጠሚያውን በባትሪ ይይ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ስታወዛውዙ ከላወሰ ፍሬን ይረገጥ፤ መላወሱ ከጠፋ ችግሩ የሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት ማዕከል) ኩሽኔታ ነው እንጂ ቦል ጆይንት አይደለም። ይሄን ሳይለዩ ደህናውን ዕቃ አውልቆ መጣል የተለመደ ነው።

ግዢ ክፍል፦ ታዲያ ስንት እንግዛ? ደግሞ ቅጂው ካርቶኑ ሳይቀር ከኦሪጅናሉ አይለይም።

የጥገና ኮሚቴ፦ 6 የታች፣ 2 የላይ ለመጠባበቂያ ይበቃል። በካርቶን አትፍረዱ። ፒኑን 5 ጊዜ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሱ፤ ዳዶውን አስገብታችሁ በ2–4 ሰከንድ አንድ ዙር እያዞራችሁ 5ኛው ዙር ላይ የቶርክ ቁልፉን (የማዞሪያ ኃይልን የሚለካ ቁልፍ) ንባብ ከማንዋሉ ጋር አስተያዩ። ገና ከካርቶኑ ወጥቶ የሚላወስ ወይም እየያዘ የሚለቅ ይመለስ። ኦሪጅናል ማለት ብቻውም ዋስትና አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ቶዮታ ራሱ አሜሪካ ውስጥ ከ500,000 በላይ ቱንድራና ሴኮያ የተባሉ መኪኖቹን ለጥገና መልሶ የጠራው በቦል ጆይንት ምክንያት ነው።

ግዢ ክፍል፦ የአንዱ ጎን ካለቀ ሁለቱንም እንቀይር?

የጥገና ኮሚቴ፦ በአገልግሎት ካለቀ ሁለቱንም። ሽፋኑ ተቀዶ ከሆነ ያንን ብቻ፣ ሌላው ተመርምሮ።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ አንቀጽ 3ን እንዲህ ላስተካክል፦ «ማኅበሩ 1 የቦል ጆይንት ማውለቂያ ፕሬስ፣ 1 ትልቅ ቶርክ ቁልፍ፣ 1 ባለ ጠቋሚ መርፌ አነስተኛ ቶርክ ቁልፍ፣ 2 ካቫሌቶ (የተነሳ መኪና የሚደገፍበት ማቆሚያ) ይገዛል። ቦል ጆይንቱ የተቀየረ መኪና አላይመንት (የጎማዎች አቅጣጫ ማስተካከያ) ሳይሠራ ወደ ሥራ አይመለስም።»

የጥገና ኮሚቴ፦ አንድ ነገር ይጨመር፦ ኮፒሊያ (ዳዶው እንዳይፈታ በቀዳዳ የሚገባው ሽቦ) ሁልጊዜ አዲስ። ቀዳዳው ካልገጠመ ዳዶው እስከ 60 ዲግሪ ይጥበቅ እንጂ ወደ ኋላ አይላላ። የላላ ዳዶ ፒኑን ቀዳዳው ውስጥ ያጫውተዋል፤ ያኔ ኮንትሮል አርሙም አብሮ ይሄዳል።

አባል (የኪራይ ፒካፕ)፦ ቶርክ ቁልፎቹስ ማን ጋ ይቀመጡ?

ጸሐፊ፦ ግምጃ ቤት፣ በፊርማ። ትልቁ ሲመለስ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ተላልቶ ይሁን፤ ተወጥሮ ከተቀመጠ ስፕሪንጉ ይደክምና ንባቡ ይዋሻል።